ምርጡን ጎመን አትቁረጡት፦ የሰፈር የዘር ሥልጠና እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ ቦታ የጓሮ አትክልት ሥልጠና የሚሰጠው ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ችግኝ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። የኛ ሰፈር ሥልጠና መስከረም አጋማሽ ላይ ይጀምርና እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ “እትዬ፣ ክረምቱ ወጥቶ ምን ሊተከል ነው?” ይለኛል። የሚተከልም አለ። ዋናው ግን ዘር የሚገኘው በዚህ ወቅት መሆኑ ነው።

የሐበሻ ጎመንን ብቻ እንይ። ሰኔ ላይ የተዘራ ጎመን ቅጠሉ የሚበላው ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ነው። ኅዳር ላይ አበባ ያወጣል። ዘሩ ደርቆ የሚሰበሰበው ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ ነው። ስለዚህ ያ ጎመን የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ፣ ከዚያ ደግሞ የጥርን ደረቅ ፀሐይ ማለፍ አለበት። ቅጠል ለመብላት ሦስት ወር ይበቃል። ዘር ለመያዝ ሰባት ስምንት ወር ያስፈልጋል። ተክሉን እስከዚያ በሕይወት ማቆየት የማይችል ሰው፣ ስለ ዘር አሰባሰብ የፈለገውን ያህል ቢማር የሚሰበስበው አያገኝም። ለዚህ ነው ዘር ማስቀረትንና ወቅት ማራዘምን አንድ ላይ የማስተምረው።

እኔ በሰሜን ሸዋ ደጋ ወረዳዎች በግብርና ሥራ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ውርጭ ምን እንደሚያደርግ የደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ አስተምሮኛል። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ የካ ነው። የእድራችን ግቢ ጥግ ላይ ወንበርና ድንኳን የሚከመርበት ቦታ ነበር። እሱን አጽድተን መደብ አወጣንለት። ሥልጠናውም እዚያው ነው የሚካሄደው። የሌማት ትሩፋት 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ቦታ በዝቷል። ቦታው ካላችሁ የሚከተለውን ማድረግ ትችላላችሁ።

ዝግጅቱ

አዳራሽ አትፈልጉ። ፕሮጀክተርም አያስፈልግም። ሰው ዘር የሚማረው በእጁ ነው። በአንድ ጊዜ ከአሥራ አምስት ሰው በላይ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ከኋላ ያለው ወሬ ይጀምራል። ቀኑን እሑድ ከሰዓት አድርጉት። ቅዳሜ ገበያም አለ፣ ልቅሶም አለ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ከቤት ይመጣል። ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ ማሰሮ (የማርም ሆነ የማርማላታ)፣ ያገለገለ ፖስታ፣ እርሳስ፣ ቀይ ክር፣ አሮጌ አንሶላ፣ ባዶ ሃይላንድ። በተለይ እርሳሱን አትርሱ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም እርጥበት ሲነካው ይጠፋል። በቀጣዩ ዓመት ስሙ የማይታወቅ ዘር ይዞ መቀመጥ ያናድዳል።

ቡና ይፈላ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች የሚያውቁትን የሚያወጡት ቡናው ላይ ነው። የባቄላ ዘር ከአመድ ጋር ለውሶ ማስቀመጥን፣ ዘርን ምድጃ በላይ ጭስ ላይ ማንጠልጠልን፣ ከገጠር የመጡ እናቶች ከእኔ በተሻለ ያስረዳሉ። እንዲናገሩ ጊዜ ስጧቸው፤ ሌላው ይስማ።

መጀመሪያ ፓኬቱን ማንበብ

በመጀመሪያው እሑድ ሁሉም ሰው ቤቱ ያለውን የዘር ፓኬት ይዞ ይመጣል። ፓኬቱ ላይ “ኤፍ 1” የሚል ካለ ድቅል ዘር ነው። ተክሉ ጥሩ ያፈራል፤ ከፍሬው የምታስቀሩት ዘር ግን እናቱን አይመስልም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጭራሽ የማያፈራ ይሆናል። ከቲማቲም ገሊላና ሻንቲ የሚባሉት እንዲህ ናቸው። ብሉት፣ ሽጡት፣ ዘሩን ግን ተዉት።

ሮማ ቪኤፍ እና ማርግሎብ ቲማቲም፣ ማረቆ ፋና በርበሬ፣ አዳማ ቀይ ሽንኩርት፣ ፎርድሁክ ጃይንት ቆስጣ ድቅል አይደሉም። ዘራቸውን ማስቀረት ይቻላል። የሐበሻ ጎመን፣ በሶብላና ድንብላል ደግሞ ቀድሞም በፓኬት አልኖሩም። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፉ የመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ጂን ባንኩ ትንሽ አወራለሁ። አዲስ አበባ ያለው የዘር ማከማቻ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። እሳቸው አጥብቀው የሚሉት ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ አይጠበቅም፣ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራም መቆየት አለበት የሚል ነበር። የጓሮ አትክልት የያዘ የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ትንሽ ቀና ይላል። እኔም ለዚያው ነው የማነሳው።

ለጀማሪ ቦሎቄ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ በሶብላና ድንብላል ስጡት። ሳይደክም ይሳካለታል። ጥቅል ጎመንና ካሮት አታስጀምሩት። እነሱ ዘር የሚይዙት ረዘም ያለ ብርድ ካገኙ በኋላ ነው፤ የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ሁልጊዜ አይበቃቸውም። ነጭ ሽንኩርት ከራሱ ፍልቃቂ ይተከላል፣ ድንች ከድንቹ። ከእነዚህ ትልልቁንና ጤነኛውን ለዘር አስቀሩ ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ቀይ ክር

አሁን ከሥልጠናው ሁሉ ከባዱ ክፍል ላይ ደረስን። ሥራው ቀላል ነው፤ ልብን ማስጨከኑ ነው የሚከብደው።

ሁሉም ሰው ቀይ ክር ይዞ በመደቦቹ መካከል ይዞራል። በጣም ጤነኛ የሆነውን፣ ቅጠሉ የሰፋውን፣ ተባይ ያልደፈረውን ተክል መርጦ ያስርበታል። ክር የታሰረበት ተክል አይበላም። አለቀ። መስከረም ላይ ሁሉም እሺ ይላል። ከዚያ እንግዳ ይመጣል፣ ወይ ክትፎ ይሠራል፣ “እትዬ፣ ይቺን አንዷን ጎመን ብቆርጣትስ? ሌላ አለ አይደል?” ይባላል። ሌላው ያለው ደካማው ነው። ደካማውን ለዘር ትቶ ምርጡን የሚበላ ቤት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎመኑ ለምን እንዳነሰ ይገርመዋል።

ከታችኞቹ ቅጠሎች ጥቂት መልቀም አይከለከልም። አበባ ማውጣት ሲጀምር ግን ሙሉ በሙሉ ተዉት።

አንድ ነገር በደንብ አስምሩበት። በቅጠላቸው ለምንበላቸው፣ ለሰላጣ፣ ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለድንብላል፣ ቀድሞ ያበበው ተክል ለዘር አይመረጥም። ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ቀድሞ ዘር የያዘውን ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ይሰበስባል። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ሰላጣው ገና ሳይበላ አገዳ ያወጣበታል። በቅጠል ብዙ የቆየውን፣ ዘግይቶ ያበበውን ምረጡ።

የአበባ ስምምነት

ቲማቲም፣ ቦሎቄ፣ አተርና ሰላጣ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ነው የሚያዳቅሉት። ጎረቤት ሌላ ዓይነት ቢተክልም ብዙ አያሳስብም። ከአራት አምስት ጤነኛ ተክል ዘር ብትወስዱ ይበቃል።

ሌሎቹ እንዲህ አይደሉም። ባቄላን ንብ ይወደዋል። ጎመንም ሲያብብ በንብ ይሞላል። ዱባና ዙኪኒ ሊዳቀሉ ይችላሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ቆስጣና ቀይ ሥር አንድ ዝርያ መሆናቸውን ነው። የአበባቸውን ብናኝ ንፋስ ሩቅ ይወስደዋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ካበቡ፣ ከዘሩ የሚበቅለው ሥሩም የማይረባ፣ ቅጠሉም የማይረባ ነገር ነው።

ስለዚህ መስከረም ላይ ስምምነት እናደርጋለን። በዚህ ዓመት የሚያብበው ቆስጣ ነው ከተባለ፣ ቀይ ሥር ያለው ሰው አበባ ሳያወጣ ነቅሎ ይበላዋል። አንድ ዓይነት ጎመን ብቻ እንዲያብብ ይወሰናል፤ የሌላው አበባ ይቀነጠሳል። በእድሩ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ቅጣት የለውም፣ ግን ሁሉም ሰው አጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ከቅጣት ይብሳል።

የሰፈር ሥራነቱ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። የጎመን ዘር ጉልበቱን እንዳያጣ ቢያንስ ከሃያ ተክል መሰብሰብ አለበት። ከሁለት ከሦስት ተክል ብቻ እየወሰዳችሁ ከቀጠላችሁ ዘሩ በየዓመቱ ይደክማል። ታዲያ የትኛው የከተማ ቤት ነው ሃያ ጎመን ሳይበላ እስከ የካቲት የሚያቆም? አሥር ቤት ሁለት ሁለት ቢያቆም ግን ሃያ ሆነ። መጨረሻ ላይ ዘሩ አንድ ሰፌድ ላይ ይቀላቀልና ይከፋፈላል።

በርበሬ መሃል ላይ ያለ ነው። ራሱን ያዳቅላል፣ ንብም ታዳቅለዋለች። ከማረቆ ፋና አጠገብ ሚጥሚጣ ካለ፣ ከዚያ ዘር የሚመጣው ቃሪያ ሰላጣ ላይ ጉድ ሊያፈላ ይችላል። መላው ቀላል ነው። አበባው ገና እንቡጥ ሳለ አንዱን ቅርንጫፍ በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፍኖ ማሰር። ፍሬው መያዙን ስታዩ አጎበሩን አንሱና በዚያ ፍሬ ላይ ቀይ ክር እሰሩበት። ፍሬው እዚያው ተክሉ ላይ ቀልቶ መጨማደድ እስኪጀምር ይቆይ። ዘሩን ስታወጡ ጓንት አድርጉ፤ ወይም በእጃችሁ ፌስታል አጥልቁ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን የሚያሽ ሰው መቼም አይጠፋም።

ለዱባ ደግሞ ማታ ላይ ነገ ሊፈኩ የደረሱ አንድ ወንዴና አንድ ሴቴ አበባ ፈልጉ። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛለች። ሁለቱንም ጫፋቸውን በክር እሰሩ። ጠዋት ንብ ሳትቀድማችሁ ፈታችሁ ወንዴውን ሴቴዋ ውስጥ አሹት፤ ከዚያ ሴቴዋን መልሳችሁ እሰሩ። ዱባው ከተቆረጠ በኋላ አንድ ወር ያህል ቤት ይቀመጥ። ዘሩ ውስጡ መብሰሉን ይቀጥላል።

የቲማቲም ዘር አወጣጥ

ይህን በሁለተኛው እሑድ አብረን እንሠራዋለን። ሰው በጣም ይወደዋል፤ ምክንያቱም ይሸታል።

ቲማቲሙ ለሰላጣ ከሚፈለገው በላይ ይቅላ፣ ይለስልስ። ቆርጣችሁ ዘሩን ከነዝልግልጉ በብርጭቆ ውስጥ ጭመቁት። ጥቂት ውኃ ጨምሩ። በጨርቅ ሸፍናችሁ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። በቀን አንዴ አማስሉት። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈልጋል፤ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ቦታ ሁለት ቀን ይበቃል። ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ይይዛል፣ አረፋ ያወጣል፣ ጠረኑ ይቀየራል። እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ ካሳለፋችሁት ይበላሻል፣ ዘሩ እዚያው ብርጭቆ ውስጥ መብቀል ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ለምን? በዘሩ ዙሪያ ያለው ዝልግልግ ዘሩ እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር አለው። መፍላቱ እሱን ያጠፋዋል፤ በዘሩ ላዩ ላይ የሚቀመጡ አንዳንድ በሽታዎችንም ይቀንሳል።

ከዚያ ብዙ ውኃ ጨምራችሁ አማስሉ። ጥሩው ዘር ወደ ታች ይሰምጣል። የሚንሳፈፈውን አፍስሱት። ውኃው ንጹሕ እስኪሆን ደጋግማችሁ እጠቡ፤ በወንፊት አጥልሉ። ሰሃን ወይም ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። ሶፍት ላይ አትዘርጉት፣ ይጣበቃል። ጥላና ንፋስ ባለበት፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እያገላበጣችሁ ለሳምንት ያህል አድርቁት። የቀትር ፀሐይ ላይ ቢደርቅ ይፈጥናል፤ ግን ዘሩ ውስጡ ይጎዳል።

የጎመን ዘር አሰባሰብ ሌላ ነው። ቀጫጭን ከረጢቶቹ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ገለባ መልክ ይለወጣሉ። ሁሉም እስኪደርቅ አትጠብቁ። ታችኞቹ እየፈነዱ መሬት ይፈሳሉ፣ ወፍም ይቀድማችኋል። ግማሽ ያህሉ ሲገረጣ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አገዳውን ቆርጣችሁ በአሮጌ አንሶላ ላይ አጋድሙት። ጤዛው ከረጢቱ እንዳይፈነዳ ያደርጋል። በጥላ ሥር ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይና በእጅ ይታሻል፣ በሰፌድ ይነፈሳል። በሰፌድ የማንፈስ ችሎታ ያላቸው እናቶች እዚህ ላይ ዘውድ ይደፋሉ። ወጣቶቹ ሲሞክሩት ዘሩ ከገለባው ጋር ይሄዳል።

ተክሉን እስከ የካቲት ማድረስ

ወቅት ማራዘም በሁለት ጫፍ ነው። አንዱ ቀድሞ መጀመር ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ የቲማቲምና የበርበሬ ችግኝ ካፈላችሁ፣ ሰኔ ዝናቡ ሲገባ የሚተከል ችግኝ አላችሁ። ሰኔ ላይ ዘር ከሚፈልገው ጎረቤት ከአንድ ወር በላይ ትቀድማላችሁ። ያ ወር መጨረሻ ላይ ለዘር ይጠቅማችኋል።

ክረምቱ ውስጥ የቲማቲም ጠላት ዝናቡ ራሱ ነው። ቅጠሉን እያጠቆረ በጥቂት ቀን የሚያደርቀው፣ ሰው ምች የሚለው በሽታ እርጥብ ቅጠልና ቀዝቃዛ አየር ይወዳል። አራት እንጨት ተክላችሁ ከላይ ብቻ ጥርት ያለ ላስቲክ ዘርጉለት። ጎኑ ክፍት ይሁን፣ አየር ይግባ። ውኃ ስታጠጡ ከሥሩ። ላስቲኩን ወደ አንድ ጎን አዘቅዝቁትና ውኃውን በርሜል ውስጥ ያዙት።

ከዚያ ጥቅምት ይመጣል። ዝናቡ ይቆማል፤ መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ጉዝጓዝ መደረግ ያለበት በዚያ ሳምንት ነው። መሬቱ ከደረቀ በኋላ ብታለብሱት ደረቁን ነው የምትሸፍኑት። የጤፍ ጭድ ምርጥ ነበር፣ ግን ዋጋው ከከብት ጋር ያጋፋል። የታጨደ ሣር፣ የደረቀ ቅጠል፣ ከበዓል የተረፈ ቄጠማ ይሆናል። ውፍረቱ አራት ጣት ያህል ይሁን፤ ግንዱን ግን አያስነካው፣ ያበሰብሰዋል። የባህር ዛፍ ቅጠል አትጠቀሙ። ሌላ ተክል የሚያቀጭጭ ነገር አለው።

ውኃን በተመለከተ ሸክላ የሚያህል አላየሁም። አሮጌ ማሰሮ ወይም የተሸረፈ ገንቦ ከዘይትና ከስብ ነጻ ከሆነ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ቅበሩት። ውኃ ሙሉትና አፉን ክደኑ። በሸክላው ሆድ በኩል ውኃው ቀስ እያለ ይወጣል፤ የተክሉ ሥር ፈልጎ ይመጣል። በየሁለት ሦስት ቀኑ መሙላት ይበቃል። ሸክላ የሌለው ሃይላንድ ክዳን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅቶ ገልብጦ ይትከል። አትክልት የታጠበበት ውኃም ይሆናል። በረኪና የገባበትን ግን አታምጡ።

ውርጭ

ይህን በደንብ ስሙኝ። ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ንፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ደመና ለመሬት ብርድ ልብስ ነው፤ ሲነሳ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማታ ውጡና ሰማዩን እዩ። ኮከቡ ተዘርግፎ፣ ቅጠል የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሸፍኑ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያም ስለ ውርጭ ያስጠነቅቃል፤ ጆሮ ስጡት። ሱሉልታና ሰንዳፋ አካባቢ ከሆናችሁ ከአዲስ አበባ መሃል ከተማ ይልቅ ብርዱ ይበረታባችኋል።

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈሳል። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ቲማቲምና በርበሬን ከላይ፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርትን ከታች ትከሉ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት ቀለል ያለ ውርጭ አያስደነግጣቸውም። ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ቦሎቄ፣ ዱባና ድንች ግን በአንድ ሌሊት የተቀቀለ መስለው ያድራሉ። ጎመንም ቢሆን አበባው ላይ ውርጭ ከወደቀበት ዘሩ ይቀንሳል፤ ያበበውን ሸፍኑት።

አሸፋፈኑ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ መሬቱን ውኃ አጠጡ፤ እርጥብ መሬት የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ በእንጨት ደግፋችሁ እስከ መሬት ድረስ ዘርጉት። ዳሩን በድንጋይ ያዙት። አንገቱ ላይ ብቻ የታሰረ ጨርቅ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት አይይዝም፤ ስለዚህ አይጠቅምም። ላስቲክ ከተጠቀማችሁ ቅጠሉን አይንካ፤ የነካበት ቦታ ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ግለጡት።

አቅም ያለው ሰፈር ቀርከሃ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበትን ፕላስቲክ ቱቦ ቀስት አድርጎ በመደቡ ላይ ይትከልና ላስቲክ ያልብሰው። ቁመቱ ጉልበት ድረስ ከሆነ ይበቃል። አደጋው ሌሊቱ ላይ ሳይሆን ቀን ላይ ነው። የኛ አገር የበጋ ፀሐይ ከባድ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ ካልተከፈተ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠወልጋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚከፍት፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት የሚዘጋ ተራ ሰው መድቡ። ጡረተኞች ለዚህ እንሆናለን።

ማስቀመጥና መሞከር

ዘርን የሚገድሉት ሙቀትና እርጥበት ናቸው። የቦሎቄ ዘር በጥርስ ሲነከስ ካልተሰነጠቀና ምልክት ከያዘ ገና አልደረቀም። መልሱት። የደረቀውን በፖስታ አድርጉ፤ ስሙን፣ ዓይነቱን፣ የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት፣ የማን ጓሮ እንደሆነ በእርሳስ ጻፉ። ፖስታዎቹን ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አስገቡ። ከሥሩ በምጣድ ላይ በደንብ ተቆልቶ የቀዘቀዘ ሩዝ በጨርቅ ቋጥራችሁ አስቀምጡ። እርጥበት ይስባል። ክዳኑን ግጠሙ።

የኮንዶሚኒየም ኩሽና ለዘር አይሆንም። እንፋሎቱ ብዙ ነው። አልጋ ሥር ያለ ሳጥን ይሻላል። ፍሪጅ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ግን ሲያወጣ ማሰሮውን ወዲያው አይክፈት። ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ይጠብቅ፤ አለዚያ ዘሩ ላይ ጤዛ ይቀመጥበታል። ባቄላና ቦሎቄን ነቀዝ ይበላዋል። አመዱ ይሠራል። ፍሪዘር ያለው ሰው ደግሞ በደንብ የደረቀውን ለአንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ቢያቆየው ነቀዙ ያልቅለታል።

የሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በላይ አትመኑት። በርበሬ ሁለት ሦስት ዓመት፣ ቲማቲምና ጎመን በደንብ ከተያዙ አራት ዓመት ገደማ ይቆያሉ።

መጋቢት ላይ የብቅለት ሙከራ እናደርጋለን። ከእያንዳንዱ ፖስታ አሥር ዘር ቆጥራችሁ በረጠበ ሶፍት ላይ ደርድሩ፣ ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ጎመን በአምስት ቀን ገደማ፣ ቲማቲም ከሳምንት እስከ አሥር ቀን፣ በርበሬ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስምንትና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ከሆነ አጠጋግታችሁ ዝሩ። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ጎረቤት ጠይቁ። ውጤቱ ፖስታው ላይ ይጻፍ።

የመጨረሻው ስብሰባ ሚያዝያ ላይ ከፋሲካ በኋላ ነው። ፖስታዎቹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ዘር የሚወስድ ሰው በመዝገቡ ላይ ስሙን ያስመዘግባል፤ በሚቀጥለው ዓመት የወሰደውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። መመለስ ያልቻለ ለምን እንዳልቻለ ይናገራል። ብዙውን ጊዜ መልሱ ዶሮ ነው። ከዚህ በኋላ አጥር ስለመሥራት ትወያያላችሁ፤ የቆርቆሮውን ዋጋ ቀድማችሁ ጠይቁ።